ለእንግዳ ክብር የተባረሩ ጉሬዛዎች

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡45 – ዲላ

ፊት ለፊታችን ያለው ዳቦ ቤት ብቻ መብራቱን አብርቷል። አንድ ባጃጅ ባዶውን ቁልቁል ይንደረደራል። አባዬ የፒካፑን ሞተር አስነስቶ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ እስክትሞቅ ይጠብቃል። ይህች ፒካፕ ሳምንቱን ሙሉ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ጭና ወደ ሱቃችን የምትመላለስ ናት። ዛሬ ግን የሳፋሪ መኪና ናት። የሾምኳት እኔ ነኝ።

«ሳፋሪ» ስል የሚስቁ አሉ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ «ቅዳሜ ሳፋሪ እሄዳለሁ» ብዬ ሳወራ «ኬንያ ነው ታንዛኒያ?» አሉኝ። «ቡሌ» አልኩ፤ ከዲላ በላይ ያለችውን ብርዳም ከተማ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ዝም ለማሰኘት አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከኋላ ወንበር አንዱ ደግሞ «ቡሌ ላይ ከብርድ ሌላ የሚናከስ ምን አውሬ አለ?» አለ። እኔም ሳቅኩ። እውነት ለመናገር ጥሩ ቀልድ ነበር።

ጉዳዩ ግን ቀልድ አይደለም። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ዘነበች የቡሌ ገጠር ልጅ ናት። አጎቷ ጋሽ ጅግሶ ከአባታቸው የቀረ፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ጫካ ይጠብቃሉ። ውስጡ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት አለ፤ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ይኖራሉ። ጫካው የእሳቸው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን የአራት ወንድማማቾች ነው። ሦስቱ «ይቆረጥ፣ መሬቱ ለአራት ይከፈል፣ ባሕር ዛፍ ይተከል» ካሉ ቆዩ። ጋሽ ጅግሶ ደግሞ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ «ቆይ፣ ጉሬዛ ለማየት ከሩቅ እንግዳ ይመጣል» እያሉ ይከራከራሉ። «የታለ እንግዳው?» ይሏቸዋል። በመጨረሻ ታላቅየው ወንድም ጋሽ ታደሰ ፈረዱ፦ አንድ ቀን እንግዳ ይምጣ፣ ጉሬዛውን አይቶ ደስ ይበለው፣ እኔም ቆሜ ልይ። ይህ ከሆነ ጫካው ይቆያል። ካልሆነ ሰኞ መጋዝ ይገባል።

ቲቸር ዘነበች ይህን ስትነግረን እጄን አወጣሁና «እንግዶቹ እኛ ብንሆንስ?» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያሰብኩት። አባዬን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ቅዳሜ ለሱቅ ትልቁ ቀን ነው። ረቡዕ ማታ «የኋላው ጎማ ያንን መንገድ ይችለው ይሆን?» ብሎ ብቻውን ሲያጉረመርም ሰማሁት። እሺ ማለቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እማዬ የበር መጋረጃውን ገልጣ «ሹራብ ደርቢ!» ትላለች። ሁለት ደርቤያለሁ።

ጠዋት 1፡10 – ዳገቱ

ቲቸር ዘነበችን ከቤቷ ደጃፍ ጫንናት። ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠናል፤ እኔ መሃል ስለሆንኩ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቴን እሰበስባለሁ። ጠጠሩ መንገድ ጀምሯል። ግራና ቀኝ ቡና ነው፤ ቡናው ላይ እንሰት ይደገፋል፣ እንሰቱን አቮካዶ ይበልጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላቸውን ዘርግተዋል። እርሻ ነው ቢባል እርሻ ነው፤ ጫካ ነው ቢባልም ማንም አይከራከርም። ለቀማው ስላለቀ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው። አንዱ ላይ ድመት ተኝታ ፀሐይ ትሞቃለች።

ሦስት ሰው የጫነ ሞተር ሳይክል አለፈን። የመጨረሻው ሰውዬ በግ አቅፏል። አባዬ «አራት ናቸው» አለ።

ዳገቱን በወጣን ቁጥር ቡናው እየሳሳ መጣ። እንሰቱ ግን ወፈረ፤ አንዳንዱ ግንድ እኔና ቲቸር ተያይዘን አናቅፈውም። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ መንገዱ መሃል አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ጉብ ብሏል፤ ወገቡን እያከከ አየን፣ አልተነሳም። ሚስቶቹና ልጆቹ ከበስተኋላው ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የመጨረሻው ሲያልፍ እሱም ተነስቶ ቀስ እያለ ሄደ።

«ይኸው አየሽ» አለ አባዬ፤ «ሳፋሪው አለቀ። እንመለስ?»

«አባዬ!»

«ይህኮ የራሱ ትራፊክ ፖሊስ ያለው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ቲቸር ዘነበች እስክታነባ ሳቀች። አባዬ ሰው ሲያስቅ ፊቱን እንደማያፈታ ለማያውቅ የተቆጣ ይመስላል።

2፡30 – ቡሌ ከተማ

ቡሌ ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቧል። ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ፓስቲ በሻይ አዘዝን። ባለቤቷ ልብሳችንን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለቅሶ ነው?» አለች።

«አይ» አልኳት፤ «ጉሬዛ ልናይ ነው።»

«ጉሬዛ? ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። ልናየው ነው።»

«ለማየት ብቻ?» ፓስቲውን አስቀምጣ አባዬን አየችው፤ አባዬ ትከሻውን ነቀነቀ። «እሺ» አለች፤ «እግዚአብሔር ያሳያችሁ።»

ጋሽ ጅግሶ እዚያው ሻይ ቤት አገኙን። ሊቀበሉን ሌሊት ተነስተው በእግራቸው ወርደዋል። ሰማያዊ ኮት ለብሰው ቀይ ከረባት አስረዋል፤ ከታች ግን ቦቲ ጫማ ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ መጣችሁ፣ ጥሩ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ጉሬዛዎቹ አሉ?» አልኳቸው።

«የት ይሄዳል! ትናንት ማታ ቆጥሬ ነው የተኛሁት። ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ መንደሩን የሚቀሰቅስ እሱ ነው።» ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረው በጌዴኦፋ አንድ ነገር አሉ። ቲቸር ቆይታ ተረጎመችልኝ፦ «ታደሰ ከሌሊቱ በርጩማውን ይዞ መጥቷል፣ ጫካው በር ላይ ተቀምጧል» ነው ያሉት።

3፡40 – የጋሽ ጅግሶ ደጃፍ

መኪናው ከሚቆምበት ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድን። ወደ ግቢው ስንቃረብ መንገዱ ተቀየረ። የተጠረገ ነው። ቁጥቋጦው ግራና ቀኝ ተመልምሏል፤ ጭቃ በነበረበት ቀርከሃ ተነጥፏል። መግቢያው ላይ ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች ጎንበስ ብለው አናታቸው በቅጠል ታስሯል። ከዚያ ሥር ሃያ የሚሆኑ ጎረቤቶች ቆመው ዘመሩልን። እንደዚህ ዓይነት አቀባበል በሕይወቴ ተደርጎልኝ አያውቅም። አባዬ፣ የሱቅ ካፖርቱን የለበሰው አባዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«ሁሉ በደቦ ነው» አሉ የጋሽ ጅግሶ ባለቤት እትዬ ማርታ። ሰፊ፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ፣ ሲስቁ የሰውን ክንድ ጨበጥ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። «እንግዳ እሾህ እንዲወጋው? እኛ ጋ ነውር ነው!»

ቤት አስገብተው አበሉን። ጋሽ ጅግሶ ጸለዩ። ለመንገዱ፣ ለመኪናው፣ ለጎማው ሁሉ ጸለዩ፤ አባዬ «አሜን» ብሎ ማማተቡን ሳይረሳ ጎማው ላይ ሲደርሱ ድምፁን ጨመረ። ከዚያ ትኩስ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብና የሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ እትዬ ማርታም «በርቺ የኔ ልጅ፣ ብርድ የሚያባርር እሱ ነው» እያሉ ጨመሩልኝ። በላሁ፤ ደግሜም በላሁ።

ጫካው ከጓሮ ይጀምራል። ጋሽ ታደሰ እውነትም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ። ሰላምታችንን በጭንቅላታቸው ተቀብለው «እንግዲህ እንይ» አሉ ብቻ።

ገባን። ዝግባዎቹ አንገቴ እስኪታጠፍ ድረስ ይረዝማሉ። ግንዳቸው ላይ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጸጉር ተንጠልጥሏል። መሬቱ እንደ ቤት ወለል ተጠርጓል፤ አንድ ደረቅ ቅጠል እንኳ የለም። ጋሽ ጅግሶ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ አመለከቱ። ሁላችንም ወደ ላይ አየን።

ምንም የለም።

ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄድን። ምንም። ሦስተኛው ዘንድ አንድ ወፍ እንኳ የለም። ጫካው ጭር ብሏል። ጋሽ ጅግሶ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ጋሽ ታደሰ ከኋላችን አልፎ አልፎ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ለነገሩ ያን ያህል የሚጠረግ ጉሮሮ አልነበራቸውም።

እትዬ ማርታ የአጓት ጣሳ ይዘውልን ሲመጡ አንገታችንን አቅንተን እንደቆምን አዩን። «ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ።

«ጉሬዛዎቹን» አለች ቲቸር ዘነበች።

«አይዟችሁ፣ አንድም የለ!» ፊታቸው በራ። «ገና ሳይነጋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ፣ ጄሪካን ደብድበን፣ ሁሉም አባረርኩ። እንግዳ ይመጣል ተባለ። ከላይ ሽንት ቢለቅባችሁስ? ባለፈው ሰርግ አንድ ሰው አዲስ ኮቱን... » እዚህ ላይ ፊታችንን አይተው ቆሙ።

ጋሽ ጅግሶ እዚያው የዛፍ ሥር ላይ ቁጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጅግሶ ለቤታቸው «እንግዶች ጫካውን ሊያዩ ይመጣሉ፣ አዘጋጁ» ብለው ነው የወጡት። እዚህ አገር ደግሞ ጉሬዛና ዝንጀሮ እንደ ጭቃ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከደጅ ይጠረጋል። ሃያ ሰው ከሌሊቱ ጀምሮ የለፋው ለክብራችን ነበር። መንገዱን የመለመሉት፣ ቀርከሃውን ያነጠፉት፣ ልናየው የመጣነውንም ያባረሩት በዚያው ፍቅር ነው። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል? ልሳቅ ላልቅስ ሳላውቅ አፌን ያዝኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ጩኸቱን አልሰሙም?» አለች ቲቸር።

«ሰማሁ እንጂ።»

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«የሰው ቤት እንግዳ አቀባበል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ?» አሉና ተነሱ፤ በርጩማቸውንም አነሱ። «እንግዲህ ሰኞ ነው።»

5፡00 – ፍለጋ

የዕለቱን አስጎብኚ ብትጠይቁኝ እትዬ ማርታ ናቸው እላለሁ። ለደቂቃ ያህል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ጣሳውን ለአባዬ አቀበሉት፣ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጡ።

«ታደሰ፣ በርጩማ አስቀምጥ» አሉ። «እኔ ሃያ ዓመት አባረርኳቸው። የት እንደሚሄዱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ና ተከተል።»

ጋሽ ታደሰ ተከተሉ። በርጩማውን ግን አላስቀመጡም።

መጀመሪያ ቁልቁል በእንሰት መሃል ወረድን። እትዬ ማርታ ፈጣን ናቸው፤ በየመሃሉ ጎንበስ ብለው መሬት ያያሉ። «ይኸው፣ በዚህ አለፉ።» ገና ያልጠወለገ፣ ግማሹ የተነከሰ ቅጠል ነው። «ይህ ደግሞ የሌላ ነው» ብለው ከእንሰት ሥር ጥቁርና ነጭ የጃርት እሾህ አንስተው ሰጡኝ። «እንሰቴን የጨረሰ እሱ ነው፤ ውሰጂው፣ ደህና ነገር ከእሱ ከተገኘ።»

ጅረቱን በድንጋይ ተሻገርን። የአባዬ አንድ እግር ገባ። «ጎማው ደህና ነው» አለ፤ እየሳቅን ቀርከሃው ውስጥ ገባን። እዚያ ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ ግንዶቹ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋሉ። ድንገት፣ ከእኔ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ቡናማ ነገር ብድግ አለ። ድኩላ! ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ዓይኑ እርጥብና ትልቅ ነው። አየኝ። አየሁት። ከዚያ ውሻ የሚጮህ የሚመስል ድምፅ አውጥቶ በአንድ ዝላይ ጠፋ። ቀርከሃው እስኪረጋ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ከቤታችን በመኪና ሦስት ሰዓት የማይሞላ ቦታ ላይ ይህ እንስሳ ሲኖር፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አለማወቄ ገረመኝ።

«እትዬ ማርታ፣ ጉሬዛዎቹ ለምን ወደዚህ ይሸሻሉ?» አልኳቸው ስንወጣ።

«ሶንጎ ስላለ ነዋ።»

ሶንጎ ሽማግሌዎች ለእርቅና ለምክር የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። እዚያ ካለ ዛፍ ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ ሰው አይጮህበትም፣ ድንጋይ አይወረወርበትም። «እኔ ቸርች የምሄድ ሰው ነኝ» አሉ እትዬ ማርታ፤ «ግን ሶንጎ ውስጥ ድንጋይ አልወረውርም። አባቴ አልወረወረም። ጉሬዛዋም ታውቃለች። እየሳደብኩ፣ እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ዝም! እሷ ዛፍ ላይ ወጥታ ታየኛለች።»

ዝግ ብለን ገባን። ክብ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ዕድሜያቸውን ማንም የማያውቅ ዛፎች ከበውታል። አንድ አረንጓዴ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በረረ። እትዬ ማርታ ክንዴን ጨበጡኝና በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ነጭ ጋቢ ዛፍ ላይ የተሰጣ መሰለኝ። ከዚያ ጋቢው ዞሮ አየኝ።

ጉሬዛዎች! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት... እኔ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ አባዬ አሥራ አንድ ናቸው ይላል። ጥቁር ፊታቸውን ነጭ ጺም ከቦታል፤ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ነጭ ጸጉር ይወርዳል፣ ጅራታቸው ጫፍ ላይ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሏል። ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በሽማግሌዎች ቦታ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነዋል። አንዱ ቅጠል እየቀነጠሰ ይበላል። «እጁን እዪው» አለች ቲቸር በሹክሹክታ፤ «አውራ ጣት የለውም። በአራት ጣቱ ነው የሚኖረው።»

አንዷ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ታቅፋለች። ስትዞር አየነው። ልጅ ነው፤ ግን ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነጭ። ፊቱ ሮዝ ነው። እጁን ዘርግቶ የእናቱን ጺም ይጎትታል።

«ሲወለዱ ነጭ ናቸው» አለች ቲቸር። «በሦስት ወር ገደማ ይጠቁራሉ።»

እትዬ ማርታ ሳር ላይ ቁጭ አሉ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። «ሃያ ዓመት ጀርባዋን ብቻ ነው የማውቀው» አሉ። «ፊቷን ዛሬ አየሁ።»

እኔ ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ጋ ነው፤ አልደብቅም። ጋሽ ጅግሶ ወደ ወንድማቸው ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ «አየህ?» ማለታቸው ነው።

ጋሽ ታደሰ ረጋ ብለው በርጩማቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። «አየሁ» አሉ። «ደስ ይላል። ግን ይህ ሶንጎ ነው፤ ማንም አይነካውም። የእኛ ጫካ ቢቆረጥ ምን ይጎድልባቸዋል? ይኸው፣ ቤት አላቸው።»

ሁላችንም ኩም አልን። ከሁሉ የከፋው እውነት መምሰሉ ነው።

«አይደለም» አሉ እትዬ ማርታ። «እዚህ ይሸሻሉ። የሚያድሩ እኛ ጋ ነው። ቆይና እይ።»

11፡00 – ከጫካው ጫፍ

አባዬ ጨለማው ሳይመጣ ዳገቱን ልንወርድ እንደሚገባ ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጊዜ ነግሮኛል። ስድስተኛውን ስጠብቅ፣ የረጠበ ካልሲውን አጥር ላይ አስጥቶ ከጋሽ ጅግሶ አጠገብ ተቀመጠና «እንጠብቃለን» አለ። አባዬ፣ በዚህ ቃልህ ምን ያህል እንደኮራሁብህ አልነገርኩህም፤ እዚህ ላይ አንብበው።

የተቀመጥነው ጫካው በሚጀምርበት ጉብታ ላይ ነው። ሸለቆው ከፊታችን ነው። ከሶንጎው እስከዚህ ድረስ በየሰው እርሻ ውስጥ ረጃጅም ዛፎች ቆመዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቋረጣሉ፤ እዚያ ቀጥ ቀጥ ያለ ወጣት ባሕር ዛፍ አለ። የማን እንደሆነ ቲቸርን ጠየቅኋት። በዓይኗ ወደ ጋሽ ታደሰ አሳየችኝ።

11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። መጡ! የመጀመሪያው ከዋንዛ ወደ ዝግባ ሲዘል እጁን ዘርግቶ ነጩ ጸጉሩ ተከፈተ፤ ለአፍታ አየር ላይ የቆመ መሰለ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። እርሻውን ሁሉ በላይ በላዩ እየተሻገሩ፣ መሬት ሳይነኩ መጡ። ባሕር ዛፉ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ። የሚይዙት ቅርንጫፍ የለም። ትልቁ ወንድ ግራና ቀኝ አይቶ ወደ መሬት ወረደና ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። መሬት ላይ ሩጫቸው አያምርም፤ የተደናቀፈ ሰው ይመስላሉ።

እናቲቱ የመጨረሻዋ ነች። ልጁን በደረቷ ይዛ ግማሽ መንገድ ስትደርስ ከታችኛው ግቢ አንድ ቡናማ ውሻ ወጥቶ ወደ እሷ ተወረወረ።

ጮህኩ መሰለኝ። ድምፄን ግን ማንም አልሰማም፤ ከእኔ በላይ የጮኹ ሰው ነበሩና። ጋሽ ታደሰ ተነስተዋል። በርጩማው ተገልብጧል። በጌዴኦፋ፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ድምፅ፣ ውሻውን እየተቆጡ ቁልቁል ሮጡ። የራሳቸው ውሻ ነው። ጌታውን ሲሰማ ቀጥ አለና ጅራቱን ቆለፈ። እናቲቱ አጥሩን ዘለለች፣ ግንዱን ያዘች፣ ወጣች። ዝግባው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቁልቁል አየችን። ልጁ እንደተለጠፈ ነው።

ጋሽ ታደሰ እያለከለኩ ተመለሱ። እትዬ ማርታ በርጩማውን አቅንተው ሰጧቸው። ተቀመጡ። ባሕር ዛፋቸውን አዩ። ዝግባውን አዩ። ሌሎቹ ጉሬዛዎች በየቅርንጫፋቸው ተደላድለው ጅራታቸውን ቁልቁል ለቀዋል።

«ያ ነጩ» አሉ በመጨረሻ፤ «መቼ ነው የሚጠቁረው?»

«በሦስት ወር» አለች ቲቸር።

«እንግዲህ እሱ እስኪጠቁር ድረስ ዛፉ አይነካም። ለወንድሞቼ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጋሽ ጅግሶ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ወር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ነው እያሉ የሚያሰሉ መሰለኝ።

እትዬ ማርታ ግን ክንዴን ጨበጥ አደረጉና «እሱ ሲጠቁር ሌላ ትወልዳለቻ!» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩዋቸው። ጺማቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይህቺ ሴት» አሉ፤ «ከእሷ ጋር ማን ይከራከራል?»

ምሽት 2፡15 – ዲላ

ስንወጣ እትዬ ማርታ ቡላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ማር በብልቃጥ አድርገው ሰጡን። እምቢ ብንል አኮረፉ። ጎረቤቶቹ መኪናው ድረስ ሸኙን፤ መንገዳችንን በስልክ መብራት እያበሩ። ለሃያዎቹም እጄን ዘርግቼ እያንዳንዳቸውን አመሰገንኩ። ስለ ቀርከሃው፣ ስለ መንገዱ፣ አዎ፣ ስለማባረሩም።

ዳገቱን ስንወርድ ቲቸር ዘነበች ትከሻዬ ላይ ተኛች። አባዬ በየጠመዝማዛው ጥሩምባ ይነፋል። ቡናው ሲጀምር አየሩ ሞቀ፤ አንዱን ሹራብ አወለቅኩ። ከዲላ በላይ ያለው የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ የከተማው መብራት ሁሉ ታየን። ይህን መብራት በዚህ አቅጣጫ አይቼው አላውቅም።

ቤት ስንገባ እማዬ «እህ? ምን አያችሁ?» አለች። ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ። ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ሳሎን መሃል ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ጉሬዛው እንዴት እንደዘለለ አሳያት። አሥራ አንድ ናቸው አላት። ዘጠኝ ናቸው አላልኩም።

ሰኞ፣ ጠዋት 2፡00 – ትምህርት ቤት

መጋዙ ሊገባበት የነበረው ቀን ነው። እሁድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅቻለሁ፤ ሁለቱ ወንድሞች የታላቃቸውን ቃል ባይቀበሉስ?

ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ቲቸር ዘነበች ከመምህራን መስመር ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ስልኳን አሳየችኝ። ጋሽ ጅግሶ ጎህ ሲቀድ ያነሱት ፎቶ ነው። ትንሽ ደብዝዟል፤ ግማሹም ጭጋግ ነው። አንድም ጉሬዛ አይታይበትም። ዛፎቹ ብቻ ናቸው። ቆመዋል።